ክፍሉ አልሞላም

የምስራች የምትሠራውን ሥራ ለሐበሻ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሰርግ ተጠርታ ሄዳ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ወይዘሮ አረጋሽ «ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?» ቢሏት «አደን የሚያስተምሩ ሰዎችን አስተዳድራለሁ» አለቻቸው። ሴትዮዋ የጠቀለሉትን ሳይጎርሱ ያዙት።

«ነርስ አይደለሽም?»

«አይደለሁም።»

«ፓርኪንግም አይደለም?»

«ድሮ ነበርኩ፤ አሁን ግን ቢሮ ነኝ።»

«ጠመንጃ ያለበት ቢሮ?»

«የማስተማሪያ ነው እማማ፤ አይተኩስም።»

ወይዘሮ አረጋሽ አማተቡና በሌላው ጎናቸው ወዳለችው ነርስ ዞሩ። የቀረውን ሰርግ የምስራች ጀርባቸውን እያየች ጨረሰችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገሩ ሰው ጠመንጃ ገዝቶ ጫካ ይግባ አይልም፤ አስቀድሞ የደኅንነት ትምህርት ተምሮ መፈተን አለበት። የሚያስተምሩት ደግሞ ደመወዝ የማይከፈላቸው ቮለንቲሮች ናቸው፤ አብዛኞቹም ጡረታ የወጡ ፈረንጆች። የምስራች አሌክሳንድሪያ አጠገብ ካለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሆና አርባ ሦስቱን ታሰማራለች። አዳራሽ ትለምናለች፣ የፈተና ወረቀት ታሽጋለች፣ የማስተማሪያ ጠመንጃዎቹን ቆጥራ ትሰጣለች፣ ቆጥራ ትረከባለች። በፈረንጆቹ 2001 ወደዚህ ቢሮ የመጣችው ለሦስት ወር ስም ዝርዝር ኮምፒዩተር ላይ ልታስገባ ነበር። በስድስተኛው ዓመት አለቃዋ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ሰጥቷት ሄደ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብላ ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጣ ተማረች፤ ተፈትናም አለፈች። እስከዛሬ ግን ድንቢጥ እንኳን ገድላ አታውቅም።

ቮለንቲሮቹ ይወዷታል። በኅዳር ማለቂያ አጋዘን ሲገድሉ ቋሊማ አሠርተው ያመጡላታል፤ ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው። ጾም ነኝ ማለት አቅቷት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ተቀብላ ለሕንፃው ጠባቂ ሰጥታለች። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አብሯት ተወልዶ አብሯት ፕሌን የተሳፈረ ነው። ባሏ በ2004 አትላንታ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ ሲቀር እንኳን «ለምን?» ብላ አልጠየቀችውም። ቤቷ አንድ መኝታ ክፍል ነው፤ አንዳንድ ቅዳሜና እሑድ ከአፏ አንድ ቃል ሳይወጣ ሰኞ ይደርሳል።

ከአርባ ሦስቱ አንዱ ብቻ ሐበሻ ነበሩ፤ በርክ ከተማ የሚኖሩት ጋሽ ፀሐዩ። በወጣትነታቸው ባሌ ተራራ ላይ የውጭ አዳኞችን የመሩ፣ ሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ቢሮዋ ይደውላሉ። «ልጄ፣ የቅዳሜው እንዴት ነው?» ይላሉ። ስለ ቅዳሜው ክፍል ሁለት ደቂቃ ይወራል፤ ከዚያ ስለ ድኩላ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ በርክ ትራፊክ ግማሽ ሰዓት። በሳምንቱ ውስጥ የምስራች በአማርኛ የምትስቀው በዚያ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ የሚነገረውም ሰው አልነበረም።

በ2013 መስከረም ላይ ጋሽ ፀሐዩ ተሳሳቱ። ማለዳ የተኩስ ልምምድ ሜዳ ደርሰው ሲመለሱ አንድ እውነተኛ ጥይት በኮታቸው ኪስ ቀርቶ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ባሩድ ከሌላቸው የማስተማሪያ ጥይቶች ጋር ተቀላቀለ። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አንስታ ጠመንጃው ውስጥ ልታጎርስ ስትል አብሯቸው የሚያስተምረው የቀድሞ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በቀለሙ ለየውና ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደው። ለእሳቸው ምንም አላላቸውም፤ ለቢሮው ግን ጻፈ። ደንቡ አጭር ነው፤ እውነተኛ ጥይት ክፍል ያስገባ ሰው ሁለተኛ አያስተምርም። የስንብት ደብዳቤው ተፈርሞ የምስራች ጠረጴዛ ላይ መጣ።

መላክ ነበረባት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለአንድ ሽማግሌ ይህን እንደ ትራፊክ ቅጣት በፖስታ ይልኩታል? በስልክስ እንዴት ይባላል? መርዶ ሆነባት። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ እዚህ አገር ቅዳሜን ተጠብቆ፣ ሰው ሥራ በማይገባበት ጠዋት፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። ማንን ይዛ እንደምትሄድ አሰበች። የቀድሞ ጎረቤቷ ስሂን ሲያትል ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ከእሷ ሌላ ስም አልመጣላትም። ሐሙስ ስልኩ ሲጮህ፣ አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«የቅዳሜው ተሰርዟል ጋሼ። ክፍሉ አልሞላም።»

«ምን ይደረግ፤ የሚቀጥለው ይሞላል» አሉ፣ ስለ ድኩላም አወሩ። የምስራች ስልኩን ስትዘጋ ደስ አላት፤ አፈረችም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእሷ ግን እያደር ከበደ። በሁለተኛው ሐሙስም አልሞላም፣ በሦስተኛውም አልሞላም። በእኛ ወግ ሦስት ጊዜ «ሌላ ጊዜ» የተባለ ሰው ነገሩ ገብቶት ራሱ ዝም ይላል፤ እሷም የጠበቀችው ያንን ነበር። ሲገባቸው መደወል እንደሚያቆሙም ታውቃለች። ስለዚህ እንዲገባቸውም፣ እንዳይገባቸውም እየጸለየች ስድስት ሳምንት ከረመች። ጋሽ ፀሐዩ ግን አመኗት።

በጥቅምት ማለቂያ ሐሙስ ስለ ድኩላ አላወሩም።

«አሁንስ ስንት ሰው ጎደለሽ?» አሉ።

ቁጥር አላዘጋጀችም። «ስምንት» አለች።

«በቃ። አታስቢ።» ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ በሚገኘው አዳራሽ በር ላይ ተቀምጣ ስም ትመዘግባለች። ውስጥ አርባው ወንበር ሞልቷል፤ የእሳት አደጋው ሰውዬ ማስተማር ጀምሯል። ጋሽ ፀሐዩ ብርቱካንማ የአስተማሪ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ገቡ። ከኋላቸው ስምንት ሐበሾች፤ ባለታክሲ፣ ፀጉር ሠሪ፣ አንዷም የሌሊት ሥራዋ ዩኒፎርም እላይዋ ላይ ነው። ጋሽ ፀሐዩ በፈገግታ ወደ አዳራሹ አዩ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ስምንቱን ወንበር ጨምራ አስገባቻቸውና ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሞልቷል» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ያለፈውስ?»

«እሱም ሞልቶ ነበር።»

ከዚያ ፊት ያለውን አልጠየቁም። የምስራች ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጠርዙ አርጅቷል። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

«ልጅቷ ተጎዳች?»

«ምንም አልሆነችም።»

«ተመስገን።» ወረቀቱን አጠፉት። «ልክ ናቸው። እኔ ብሆንም እንዲህ ያደረገን ሰው አባርረው ነበር። አንቺ ግን ለምን ዋሸሽኝ?»

«መርዶ ሆነብኝ ጋሼ። በስልክ አልችል አልኩ።»

«መርዶማ ሰው ይዘው ሄደው ነው የሚያረዱት። ሰው ይዘሽ አትመጪም ነበር?»

«ማንን?» አለች።

ጋሽ ፀሐዩ ሰደርያቸውን አውልቀው፣ ጨርቁን በእጃቸው አለስልሰው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ። «ደኅና ዋይ ልጄ» አሉና ወጡ። ልትከተላቸው ተነስታ ተመልሳ ተቀመጠች።

በእረፍት ሰዓት ከስምንቱ አንዱ፣ ኪዳኔ የሚባለው ባለታክሲ፣ ሻይ ይዞ መጣ።

«እህቴ፣ ጋሽ ፀሐዩ የት ሄዱ? እሳቸው ያስተምሩናል ብለን?»

«ከእንግዲህ አያስተምሩም። አሁን ነገርኳቸው።» በቀጥታ ተናገረችው፤ ስድስት ሳምንት ያቃታት ነገር አራት ቃል ሆነ። «እናንተ ግን ቀጥሉ፤ ከሰዓት ፈተና አለ። ካለፋችሁ ፈቃድ ማውጣት ትችላላችሁ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የአደን ነዋ።»

ኪዳኔ ሳቀ። «እኛ አደን ምን ያደርግልናል? እኔ ዶሮ እንኳን አርጄ አላውቅም። ቅዳሜን ያህል ነገር፣ ስንት የኤርፖርት ሥራ ትቼ! እሳቸው ባይለምኑን እዚህ ምን እንሠራለን? ትናንት ማታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው እያንዳንዳችንን እጃችንን እየያዙ ለመኑን። ያንን የሚያህል ሰው ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል?»

«ምን ብለው?»

ሻዩን ከፊቷ አኖረላት።

«‹አንዲት እህታችሁ ክፍሉ አልሞላ ብሏት ከሥራ ልትባረር ነው› አሉን። ‹ልጅቷ እዚህ አገር ሰው የላትም። ሰው ሁኗት› አሉን።»

የምስራች በመስኮቱ ወደ ፓርኪንጉ ዞረች። የጋሽ ፀሐዩ መኪና ከቆመችበት ሄዳለች።