ትል ቆጣሪዋና የታችኛው ድልድይ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በትክክለኛ ስሟ የሚያውቃት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ ትል ቆጣሪዋ ናት። ስሙን ያወጣላት ሹፌሩ ነው። እሷም በሆዷ ሳትወደው አልቀረችም፤ ስልክ ስታነሳ ራሷ «አቤት፣ ትል ቆጣሪዋ ነኝ» ትል ነበር። ሰው በሥራው ሲቀለድበት ይከፋዋል። እሷን የሚከፋት ግን ስለ ሥራዋ የሚጠይቃት ሰው ማጣቷ ነበር፤ ያንን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አጥታው ነው የኖረችው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። እስከ ጭኗ የሚደርስ የጎማ ቦቲ አጥልቃ ወንዙ ውስጥ ትገባለች። መረቧን ውሃው በሚወርድበት በኩል ትደግንና ከመረቡ ፊት ያለውን ድንጋይ በእግሯ ታገላብጣለች። ከድንጋዩ ሥር የተነቀለውን ሁሉ ውሃው እየገፋ መረቡ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣ በወረንጦ እየለቀመች ትቆጥራለች። ሦስት ጭራ ያላት ቀጭን እጭ አለች፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ አትኖርም፣ ወንዝ መታመም ሲጀምር ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። ቀይ ትል ደግሞ አለ፤ እሱ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላም አለሁ የሚል ነው። የወንዝን ጤና ለማወቅ ከድንጋዩ ሥር ማን እንደሚኖር ማየት ነው፣ በቃ።

በጠርሙስ ውሃ መቅዳት አይበቃም ወይ? ለመሥሪያ ቤቱ ይበቃው ነበር። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከአሥር ሰዓት በፊት ግቢ መግባት አለበት። የጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ደግሞ እጣቢውን የሚለቀው የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ጠዋት የተቀዳ ውሃ ስለ ማታው ምን ያውቃል? እጮቹ ግን ቀንም ማታም እዚያው ናቸው፤ የሥራ ሰዓት የላቸው፣ የዓመት ፈቃድ የላቸው።

ከተማው ወንዙን ለማጽዳት ከሕዝብ ግብር የተመደበ ፕሮግራም ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ሪፖርት ይጻፋል። ይህን ያህል ሜትር ቱቦ ተቀበረ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ። ውሸት የለበትም። ቱቦውም ተቀብሯል፣ ችግኙም ተተክሏል፤ ይጽደቅ አይጽደቅ ማን ጠይቆ? ወንዙስ እንዴት ሆነ የሚል አንድ መስመር ግን አይገኝበትም። እሷ በየስብሰባው እጇን ታወጣለች።

«ቆይ፣ በሽተኛው ዳነ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሐኪም፣ ይህን ያህል መርፌ ወግቻለሁ ብሎ ይመልሳል እንዴ?»

ሰው ይስቃል፣ የሻይ ሰዓት ይደርሳል፣ ነገሩም በዚያው ይቀራል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንደዚያ መሥሪያ ቤት የተካነበት ቦታ አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው አብሯት በአንድ ዓመት የተቀጠረ ሰው ነው። ወንበሩ ከፍ ቢልም እሷ ጋ ሲደርስ ያው የድሮ ጓደኛዋ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጠባቧ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ ፊቱ ፈካ።

«ደስ ይበልሽ። ገንዘብ የሚመድቡት ሰዎች ከእንግዲህ ቱቦና ችግኝ አያሳምነንም ብለዋል። ወንዙ ራሱ ይመስክር ነው የሚሉት። ትሎችሽ ሪፖርት ውስጥ ገቡልሽ!»

«አትቀልድብኝ!»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምቀልደው?»

ዘላ አቀፈችው። ወረንጦው እጇ ላይ ነበርና ኮቱን ቧጨረችው። ያን ዕለት ከሥራ እንደወጣች ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ እህቷ በረረች።

ታላቅ እህቷ ከታችኛው ድልድይ ሥር ነው የምትኖረው። እናታቸው ስትሞት የራሷን ትምህርት አቋርጣ እሷን ያስተማረች፣ እናት ሆና ያሳደገቻት እህት ናት። ኑሮዋ በወንዙ ዳር ባለች የአትክልት መሬት ላይ ነው፤ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ካሮት። የምታጠጣው በዚያው ወንዝ ነው። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ እየተላጠ ይቆስላል፤ ገበያ ስትወጣ በሐሩር ቀን እንኳ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች፣ ገዢ ካየው ጎመኗን ጥሎ ይሄዳልና።

በፕሮግራሙ ሁለተኛ ዙር ታችኛው ድልድይ አጠገብ ትልቅ የማጣሪያ ኩሬ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ውሃው መጀመሪያ ኩሬው ውስጥ ተኝቶ ደለሉን ይጥላል፣ በደንገል ውስጥ እየተጣራ ያልፋል፣ ከዚያ ለአትክልቱ ይደርሳል። ቁፋሮው በመጀመሪያው ዙር ገንዘብ እንዲጀመር ተፈቅዷል። የቀረው መሬቱ ነው፤ ኩሬው የሚያርፈው አትክልተኞቹ ማሳ ላይ ነበርና ማንም ንክች አላደርግም ብሏል። መሃሉን ሜዳ የያዘችው እህቷ ናት። እሷ እሺ ካለች ሌሎቹም ይከተላሉ።

«እታለም፣ አሁን ወንዙ ራሱ ሊናገር ነው» አለቻት። «እዚህ ምን ያህል እንደተጎዳ ሲያዩ ኩሬውን ሳይጨርሱ አይለቁትም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ እህትሽ አይደለሁም?»

«መሬቱን ሰጥቼ ምን ይዤ ልኖር?»

«ሁለት ክረምት ብቻ ታገሺ። ከዚያ በኋላ በኩሬው ዳር በሚሰጥሽ መሬት በንጹሕ ውሃ ታጠጫለሽ። እጅሽም ይድናል።»

እህቷ እጇን አየች፣ ከዚያ ማሳውን አየች። በማግሥቱ ጎመኗን በገዛ እጇ ነቀለች። ጎረቤቶቿም እሷን አይተው ነቀሉ። መቆፈሪያው መኪና መጥቶ ለም የነበረውን መሬት ሆዱን ከፈተው።

አሁን ወደ ስህተቱ እንምጣ። ከእሷ በቀር ማንም ሊሠራው የማይችለው ስህተት ነው፤ ወንዙን የማይወድ ሰው እንደሱ አይሳሳትም።

ገንዘብ መዳቢዎቹ የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ወንዙ መነሻው ላይ ምን ይመስል ነበር? አሁንስ ምን ይመስላል? የአሁኑ ግልጽ ነው፤ በታችኛው ድልድይ ቀይ ትል ብቻ። መነሻው ግን ቸገረ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ታችኛው ድልድይ አልተቆጠረም፤ መኪናው እስከዚያ ወርዶ በሰዓቱ አይመለስም ተብሎ ተከልክላ ነበር። ቢሆንም ክፍሏ መደርደሪያ ላይ በአልኮል የተሞሉ ትናንሽ ብልቃጦች አሏት። አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ ፋብሪካው ገና ሳይተከል፣ ከዚያው ድልድይ ሥር ራሷ የለቀመቻቸው እጮች። ባለ ሦስት ጭራዎቹ ብልቃጡን ሞልተውታል። እነሱን በብርሃን አንስታ ስታይ ልጅነቷን ያየች ያህል ሆዷ ይባባል። የትኛው ከተማ ነው እንዲህ ያለ ጥንታዊ መነሻ ያለው? ኮራች። ደግሞም ይህን ሁሉ እንዳጣን ያየ ሰው አንጀቱ ይላወሳል ብላ አሰበች። መነሻ በሚለው ቦታ እነሱን ጻፈች። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመ፤ እሷ የሞላችውን መቼ አንብቦ ያውቃል?

ውጤቱ የተነገረው የከተማው አዳራሽ ውስጥ ነው። ገንዘብ መዳቢዎቹ የላኩት ገምጋሚ ትሑት ሰው ነበር፤ ሲናገር እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ለሁለተኛው ዙር ገንዘብ የሚወዳደሩትን ከተሞች ውጤት በሥዕል ግድግዳው ላይ አበራው። የጎረቤት ከተማ መስመር ሽቅብ ይወጣል። እነሱ መነሻቸውን የቆጠሩት የቄራው ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተደርምሶ ወንዛቸው በገማበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ቢሆን መሻሻል ነው። ከዚያ የትል ቆጣሪዋ ከተማ መስመር መጣ። ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርድና መሬት ላይ ይተኛል።

«እዚህ እንግዲህ» አለ ገምጋሚው በእርጋታ፣ «የሕዝብ ገንዘብ በወጣ ቁጥር ወንዙ እየሞተ ነው የሄደው።»

 እጇን አወጣች።

«መነሻው እኮ ከፕሮግራሙ በፊት ነው! በመሃል ፋብሪካ መጣ። የገደለው ፕሮግራሙ አይደለም።»

«ጥሩ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የነበረውን ይስጡኛ።»

«አልተቆጠረም።»

«ታዲያ ፕሮግራሙ ለውጥ አመጣ የምንለው ምን ይዘን ነው?»

 ከሁሉ ያቃጠላት ሰውየው ትክክል መሆኑ ነው። በእሱ ቦታ ብትሆን ያንኑ ትጠይቅ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጮህ የኖረችው እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ይምጣ ብላ አልነበር? መጣላት። ሁለተኛው ዙር ለጎረቤት ከተማ ተሰጠ።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊው ጠበቃት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ባትሞዪው ይሻል ነበር» አላት።

«እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

«እኔስ ውሸት ነው አልኩ?» ጫማውን አየ። «ሌላም ነገር አለ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ታችኛው ድልድይ አትውረጂ። ፕሮግራም የሌለበት ቦታ አይለካም ተብሏል።»

«መቆጠሩም ይቅር ማለት ነው?»

«ይቅር ማለት ነው።»

የዚያን ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ እህቷ ስትሄድ እግሯ እየተጎተተ ነበር። ኩሬ ይሆናል የተባለው ጉድጓድ የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ስላለቀ ከወራት በፊት አጋማሹ ላይ ቆሟል። ዝናብ ገብቶበት ረግቷል፤ ዳርና ዳሩ ተንዷል፣ አረንጓዴ ነገር ለብሷል። እህቷ ከጉድጓዱና ከወንዙ መሃል የተረፈችውን ቀጭን መሬት ትኮተኩት ነበር። መኪናው ያልደረሰባት መደብ ናት፤ አዲስ የጎመን ችግኝ ተተክሎባታል።

አልደበቀቻትም። ብልቃጦቹን፣ ግድግዳው ላይ የወረደውን መስመር፣ የጎረቤት ከተማን፣ ሁሉንም ነገረቻት። እህቷ መኮትኮቷን ሳታቆም ሰማች።

«እኔ የማይገባኝ» አለች በመጨረሻ፣ «ጎረቤት ያሉት ወንዛቸው ድሮ መጥፎ ነበር ስላሉ ተሰጣቸው?»

«አዎ።»

«እኛ ድሮ ጥሩ ነበር ስላልን ተከለከልን?»

«አዎ፣ እታለም።»

«አንቺ ነሽ ያልሽው።»

«እኔ ነኝ።»

እህቷ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር፣ ከመኮትኮት ያልመጣ ድካም።

«እኔ ስንት ነገር ዋሽቼልሻለሁ። ትምህርት ቤት እንዲቀበሉሽ ዕድሜሽን ዋሽቻለሁ። ቤት ውስጥ ምግብ ሲያጥር በልቻለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። አንዴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብትዋሺልኝ ምን ነበረበት?»

 መዋሸት እንኳ እንደማያስፈልግ፣ ብልቃጦቹን ከነበሩበት ባታነሳ፣ መነሻ አልተቆጠረም ብላ ብትጽፍና የአሁኑ ቀይ ትል መነሻ ሆኖ ቢያዝ ይበቃ እንደነበር ትል ቆጣሪዋ ልትነግራት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ይህን ብትሰማ ምን ይጠቅማታል? እህቷ የወደቀችው በእውነት ምክንያት መስሏት ብትኖር ይሻላታል፤ በእህቷ ኩራት ምክንያት መሆኑን ከምታውቅ።

«ጎረቤቶቹ ነገ እየመጡ ይጠይቁኛል» አለች እህቷ። «ምን እንደምላቸው አላውቅም። እኔን አይተው ነው የነቀሉት።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ተይው። አንቺ ስታስረጂ ሰው ያምናል።»

ከዚያ ባልዲዎቹን አነሳች። «ነይ፣ ያዢልኝ። ፋብሪካው ሳይለቀው መደቡን እናጠጣ። ይህ ችግኝ ካልያዘልኝ ምንም የለኝም።»

እየተጣደፉ ቀዱ። ትል ቆጣሪዋ ቦቲዋን አልያዘችም ነበርና በቢሮ ጫማዋ ገባች። የመደቡን አጋማሽ እንዳጠጡ ውሃው ከላይ በኩል መቀየር ጀመረ፤ መጀመሪያ አመድማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ። አረፋ ድንጋዮቹን እየተሻሸ ወረደ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። የቀሩት ችግኞች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታቸው ውለው አንገታቸውን ደፍተዋል።

እህቷ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ቆመች። አልቀዳችም። ዞር ብላ እሷን አየቻት፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ወስኚ የሚል አስተያየት ነው።

ታውቃለች። እዚያ ቀለም ውስጥ ምን እንዳለ፣ ጎመኑ ሥር ምን እንደሚገባ፣ ገበያ ላይ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚበላ አንድ በአንድ ታውቃለች። ከሚቀጥለው ወር ወዲያ ደግሞ ከዚህ ውሃ ሥር ያለውን የሚቆጥር የለም። እህቷ ከዚህች ቀጭን መደብ ሌላ ምንም እንደሌላትም ታውቃለች።

ጎንበስ ብላ ባልዲዋን ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ነከረችና ሞልታ ለእህቷ አቀበለቻት።