ሰዲቅ ለዓሣዎቹ የመረጠው አሸዋ

ባለቤቴ ሰዲቅ ለሳኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ግድግዳ ሲለስን ኖሯል። አምና ከመወጣጫው ወድቆ እግሩ ተሰበረና ሰባት ወር ቤት ዋለ። ያኔ ነው ዘራቸው ከማላዊ ሐይቅ ነው የተባሉትን ሰማያዊና ቢጫ ዓሣዎች የገዛው። ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስም ልቡ እዚሁ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ካለው የመስታወት ሣጥን ጋር ቀረ። ወላሂ፣ ለራሱ የማይፈራ ሰው ለዓሣ ሲፈራ ሳይ ያናድደኛል!

ባለፈው ወር አንዷ ሰማያዊ ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ያዘች። ልጆቿ እስኪወጡ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ሳትበላ ትቆያለች፤ ከደነገጠች ግን ትውጣቸዋለች አሉት። ሰዲቅ እንቅልፍ አጣ። ልጆቹ ሲወጡ ከሥር ባለው ሻካራ ጠጠር መሃል ገብተው ይቀራሉ ብሎ ፈራ። ወሎ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ባለቀለም ጠጠር ቢያሳየው «ቀለሙ ይለቃል» ብሎ ጥሎት መጣ።

በመጨረሻ ከሚሠራበት ሕንፃ ደቃቅ አሸዋ መረጠ። በሃይላንድ ከውሃ ጋር ናጠው፣ ጭቃውን ደፋ፣ ውሃው እስኪጠራ ሰባት ጊዜ አጠበው። ውሃውን እንደ ሐይቃቸው ያደርግላቸዋል ብሎ የእብነ በረድ ብናኝም ጨመረበት። ያን ሁሉ ከለፋ በኋላ ግን፣ ግንበኛ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እጁ የገባውን ባዶ ማዳበሪያ አንስቶ አሸዋውን ሞላበትና መጣ።

እሑድ ከሰዓት ጠጠሩን አውጥቶ አሸዋውን ቀስ እያለ በጣሳ ጨመረ። ውሃው ግራጫ ሆነ። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሰዲቅ ማዳበሪያውን ገልብጦ ጥጉን በጣቱ ዳሰሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐሚዳ፣ ሲሚንቶ ነበረበት! ያቃጥላቸዋል!»

ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ፈረቃችን እስኪደርስ ሁለት ቀን ይቀራል። ያለን ለመጠጥና ለምግብ ያስቀመጥኩት ሦስት ጀሪካን ብቻ ነው። ሰዲቅ ጀሪካኖቹን አየ፣ እኔን አየ፤ ለመጠየቅ ግን ፈራ። ሳፋውን አምጥቼ ሦስቱንም ገለበጥኩበት።

ሌሎቹን ዓሣዎች አንድ በአንድ በመረብ አወጣቸው። እናቲቱ ጋ ሲደርስ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የማይፈራው ሰው መረቡን ወደ እኔ ዘረጋ። ተቀብዬ እኔው አወጣኋት። ሳፋው ጥግ ላይ ተለጠፈች። ሰዲቅ በደህናው ጉልበቱ ተንበርክኮ አንገቷ ሥር የልጆቿን እብጠት ይፈልግ ጀመር።

«ውጣቸው ይሆን? ምስኪን፣ ይህን ሁሉ ቀን ጦሟን ውላ…»

ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እኔስ?» አልኩት። «ወደ ፎቁ ከተመለስክ ጀምሮ አንድ ቀን ምሳ በልቼ አውቃለሁ? ማታ ቁልፍህን በሩ ላይ ሳልሰማ ጉርሻ ይወርድልኛል?»

ይህን ነግሬው አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ።

ዓሣዋ ዞር ስትል አየኋት፤ አንገቷ ሥር እንዳበጠ ነው። ሰዲቅ ግን አላያትም። እኔን እያየ ነበር።

በማግስቱ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ከፎቁ ወርጃለሁ» አለኝ ሰዲቅ። «ብዪ።»