አንቀልባው ከሳጥን የወጣ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ጎረቤታችን የነበሩት ልብስ ሰፊ አባባ ታደሰ የዩኒፎርሜን ጠርዝ ደጋግመው ፈትተው ይሰፉ ነበር። ቢለኩትም ቢቆርጡትም አንዱ ጎን ያጥራል። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው ጀርባዬን ዳበስ አደረጉና «ለካ መቀሴ አልሳተም፤ ጋደል ያለችው የኔ እመቤት ናት» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። እናቴ ግን ክው አለች። አንገቴ ሳይጠና በአንቀልባ አዝላኝ ለቀበሌ ሱቅ ስኳር ትሰለፍ ስለነበር፣ ያጎበጥኳት እኔ ነኝ ብላ አመነች። አንቀልባውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ገና ጡት የሚጠባው ወንድሜም እንዳይጎብጥ ቀኑን ሙሉ በክንዷ ብቻ ትይዘው ጀመር። እሱ ያለቅሳል፣ ወጡ ያርራል፣ እሷም አብራው ታለቅሳለች።

ያኔ መብራት ሲጠፋ አባባ ታደሰ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ኩራዙ ይጨሳል፣ የከሰል ካውያቸው ውስጥ ፍሙ ቀልቶ ይታያል፣ እሳቸውም እየተኮሱ ተረት ይነግሩናል። ለኔ ብለው የፈጠሩት አንድ ነበር። የእንጦጦ መንገድ ድሮ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነበር አሉ፤ እንጨት የጫነች አህያ ሽቅብ ስትወጣ እየተንሸራተተች ቁልቁል ትመለሳለች፤ መንገዱም አዘነላትና ወገቡን ጠምዘዝ አደረገላት። «ከዚያ ወዲያ ቀጥ በል ቢሉት፣ አህያዋስ እያለ አሻፈረኝ አለ» ሲሉ እንዴት እንደምኮራ። እናቴ ግን ወንድሜን እንዳቀፈች ቀና አትልም።

«በተረት አይሆንም፤ ሐኪም ይያት» ያሏትም እሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጎንበስ አስብሎ አየኝ፣ ራጅ አስነሳኝ፣ ከዚያም ለእናቴ በእርጋታ አስረዳት። አንዳንዱ ልጅ አጥንቱ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ተጣሞ ይሠራል፤ አንዳንዱን ፖሊዮ ወይም የአጥንት ቲቢ ያጎብጠዋል፤ የኔ ዓይነቱ ግን ልጅ ሲያድግ የሚመጣ፣ ምክንያቱ በውል የማይታወቅ ነው። እናቴ «አንቀልባውስ?» አለችው።

«አንቀልባው ምንም አላደረገም። እርስዎም ምንም አላጠፉም» አላት።

በዚያው ምሽት ወንድሜን አዝላ አባባ ታደሰ ቤት ገባች። እሱ ጉንጩን ጀርባዋ ላይ ለጥፎ ተኝቷል፤ እሷ ባዶ እጆቿን የምታደርግበት ጠፍቷት አንዴ ነጠላዋን፣ አንዴ የኔን ፀጉር ትነካካለች። እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባባ ታደሰ ወሬውን ሰምተው «አይታወቅም ካሉማ የኔም ተረት ቦታ አለው» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ጀርባዬ ዛሬም ጋደል እንዳለ ነው። ልጅ የወለድኩ ጊዜ እናቴ ያንኑ አንቀልባ አራግፋ አመጣችና «ጎንበስ በይ» አለችኝ። ልጄ ጋደል ባለው በኩል ተመቻችታ ተለጠፈችብኝ፤ እኔም የእንጦጦን መንገድ ተረት ጀመርኩላት።