ጋሼ በዌልስኛ የዘመሩልን ቀን

በቅርቡ ያረፉት፣ ጋሼ የምላቸው አጎቴ በወጣትነታቸው ለትምህርት ተልከው ብሪታንያ፣ ዌልስ ውስጥ በአንዲት የባሕር ዳርቻ የብረት ፋብሪካ ከተማ ኖረዋል። የፋብሪካው ሠራተኞች በኅብረት ሲዘምሩ እየሰሙ መዝሙራቸውን ከነቋንቋው ለመዱት።

እዚህ አሜሪካ፣ ዳውንታውን ኦክላንድ የማጸዳበት ሆቴል አንዲት ባልደረባችንን ሲያባርር አድማ መታን፤ በሩ ላይ ግን ፈርተን ዝም ብለን ቆምን። ጋሼ ከረባታቸውን አስረው መጡ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉኝ፤ ሁልጊዜ እንደሚሉትም፣ «ሰው አብሮ ሲዘምር አይፈራም።»

«ጋሼ፣ እዚህ አይዘምሩ፤ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል!» አሉና በዌልስኛ ጀመሩ። ቃሉ ባይገባንም ዜማውን ተቀበልናቸው። ማኔጀሩ ወጥቶ «እንነጋገር» አለ፤ ከንግግሩ በኋላም ባልደረባችን ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዛሬ የሠራተኞቹ ተወካይ ነኝ። ስብሰባ ስገባ፣ ያን ቀን ጋሼ የቆሙበት ጎኔ ባዶ ነው፤ ስናገር ግን ድምፄ አይንቀጠቀጥም።