አብረን ያልገባንበት ክፍል

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ሻሸመኔ ሄጄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ አንዱ “ነጌሌ! ነጌሌ!” እያለ ሲጣራ ሰማሁ። የምሄደው ወደ ሐዋሳ ነበር፤ እግሬ ግን ቀጥ አለ። ለእኔ ነጌሌ ማለት ሎኮ ናት።

አባቴ ከጎንደር በፍርድ ቤት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ እኔም የተወለድኩት ነጌሌ ቦረና ነው። ሎኮ ደግሞ ከብት አርቢ ወላጆቿን ትታ፣ ለትምህርት ስትል ከተማ አክስቷ ዘንድ የምትኖር የቦረና ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍል ሁለት ልጃገረዶች አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥን፤ ከዚያ ወዲያ መለያየት አልሆነልንም።

ያኔ አስረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ውጤት የመጣለት መሰናዶ ይገባል፤ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ፣ አለዚያም መምህራን ማሠልጠኛ። የእኛ ሐሳብ ቁርጥ ያለ ነበር፦ መሰናዶም አብረን፣ ዩኒቨርሲቲም አብረን። በዓይናችን ያላየነውን ዶርም እንኳ ተከፋፍለነው ነበር።

የፈተናው ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። ቀዩ አቧራ ደብተራችን ውስጥ ሳይቀር ገባ። ፈተናው ሲያልቅ ሎኮ ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። ከርማ በተመለሰች ማግስት ውጤት መጣ፤ ሁለታችንም አልፈናል። እየሮጥኩ አክስቷ ቤት ደረስኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከስታለች።

“አልፈናል! ሁለታችንም!”

ተነስታ አቀፈችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ “እኔ መሰናዶ አልገባም” አለች።

የወንድሟ ሚስት በምጥ ተይዛ፣ በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲያመጧት መንገድ ላይ ሞታ ነበር። ሎኮ እጇን እንደያዘች።

“ውሃ አጠጣኋት። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር” አለችኝ። “ጤና ኮሌጅ ከአስረኛ ይቀበላል። አዋላጅ ነርስ እማራለሁ።”

“ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ እኮ ሐኪም ትሆኛለሽ!”

“እሱ ሩቅ ነው። ሴቶቹ ግን አሁን ነው የሚወልዱት።”

ሎኮን መሰናዶ እንዲያስገቧት እናቴ አክስቷን ልትለምን ሄደች። አክስቷ ግን፣ “እትዬ፣ አንቱም እናት ነዎት” አሏት። “ልጅቷ ያየችውን አይታለች፤ ተይ ብንላት አትሰማም።”

ኮሌጁ ከደጋው በኩል ነበርና እስከ ወደራ ከተማ ድረስ ልሸኛት አባቴን ለምኜ አስፈቀድኩ። አክስቷ ለስንቅ ቡና ቀላ ሰጥተውን ነበር፤ በቅቤ የተጠበሰ የቡና ፍሬ። አውቶቡሱ ውስጥ እየዘገንን በላን፤ ጣታችን በቅቤ ወዛ። የነጌሌ ግራር እየሳሳ ሄዶ ጫካው ሲመጣ፣ በመስኮቱ ቀዝቃዛ አየር ገባ። መንገዱ እንዳያልቅ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደራ ስወርድ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

“ከጎንሽ ሰው እንዳታስቀምጪ!” አለችኝ እየሳቀች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ሳቋ ጠፋ። “ነጋቲ” አለች፤ በሰላም ቆዪ እንደማለት ነው።

መሰናዶ ገባሁ። መምህሩ ሌላ ተማሪ እስኪያመጣብኝ ድረስ ቦርሳዬን አጠገቤ እያስቀመጥኩ ቦታዋን ያዝኩላት። ዩኒቨርሲቲም ጨረስኩ። እሷ ተመርቃ ወደ ቆላው ተመለሰች፤ አሁን ከያቤሎ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ታዋልዳለች። ኔትወርክ ሲገኝ እንደዋወላለን። አንዳንዴ ወሬያችን መሃል ላይ “መጡብኝ” ብላ ትዘጋዋለች፤ ከበስተኋላዋ የምታምጥ ሴት ድምፅ ይሰማኛል።

ትክክለኛውን መርጣለች፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ። ናፍቆት ግን ትክክል ይሁን ስህተት አይጠይቅም። እሷ ባለችበት ሊያልፍ የሚገባው ወጣትነቴ፣ ያለ እሷ አለፈ። ዛሬም ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች ተቃቅፈው ሲሄዱ ካየሁ፣ የምቸኩልበትን ትቼ እቆማለሁ፤ መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስ።