ልጄን ጅማ የወሰዳት ኮምፓይለር

ልጄ የመመረቂያ ሥራዋን የሠራችው እዚሁ ቦንጋ፣ ቤታችን ውስጥ ነው። አጎቷ ከማንኪራ የላከላትን እሸት ቡና ነጠላዬ ላይ ዘርግታ ፎቶ ታነሳለች። ኮምፒውተሩ ፎቶውን ብቻ አይቶ የቀላውን ፍሬ ካልደረሰው እንዲለይላት ነበር የምትፈልገው። "እማዬ፣ ጥላሽን አንሺልኝ" ትለኛለች። ገለል እላለሁ እንጂ ከክፍሉ አልወጣም።

ፕሮግራሙ ሲንቀራፈፍባት ፎቶውን የሚመረምረውን ክፍል ፈጣን በሆነ ሌላ የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈችው። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው፤ አዲሱ ክፍልና የቀረው ፕሮግራም አንገናኝም አሉ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ምግብ ስትተው ጊዜ ጨንቆኝ ጠየቅኋት።

"ኮምፓይለር የሚባል አለ፤ እኛ የጻፍነውን ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይር" አለችኝ። "የቀረው ፕሮግራም የተጻፈበት ዋናው ቋንቋ የተሠራው በቆየ ኮምፓይለር ነው። የኔም ክፍል በዚያው ካልተሠራ አይቀበለውም።"

"ከኢንተርኔት አታወርጂውም ታዲያ?"

"በዚህ ኔትወርክ? ልጅ ወልጄም አይወርድ!"

ጅማ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ይገኛል ተባለ። መንገዱን ስለምፈራ እሷን አልላክኋትም፤ አስገልብጦ እንዲያመጣልን ፍላሽ ዲስኳን ለሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። እኛ ዘንድ መድኃኒቱም ቅቤውም የሚላከው በሾፌር ነው። አመጣልን። ልጄ ከፍታ ስታየው አዲሱ ኮምፓይለር ነው። ፊቷ ጠቆረ።

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሩን ያዝኩት።

"ሻጩ እኮ 'አሮጌውን ማን ይፈልገዋል' ብሎ ሳቀብኝ፣ እትዬ።"

"አዲሱ አይሻልም ነበር?" አልኩት እኔም ግራ ገብቶኝ።

"የአዲስ ባጃጅ ዕቃ ለአሮጌው ይገጥማል እንዴ? ይልቅ ልጅቷን ይላኳት። እኔ አልበላት!"

"አንተን መች ፈራሁ፣ ዳገቱን ነው እንጂ።"

ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ደርሶ ነበር። ካላቀረበች አትመረቅም። ኮምፒውተሯን በጋቢ ጠቅልዬ አስያዝኋትና ከሾፌሩ ጀርባ አስቀመጥኋት፤ መኪናው እስኪነሳም በመስኮቱ "ቀበቶሽን እሰሪ" እያልኩ ነዘነዝኳት። ተሳፋሪዎቹ ሳቁብኝ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። "እማዬ፣ ተገናኙ! ሠራልኝ!" እልል አልኩ። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች። አሮጌውን ኮምፓይለር ፈልጎ የጫነላት ባለሙያ፣ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቹ እንደሷ ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ ነግሯታል።

"ስመረቅ ልሂድ፣ እማዬ?"

አፌ ላይ የመጣው ስለ መንገዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለማላውቀው ሰው ሁሉ ነበር።

"እማዬ? አለሽ?"

"አለሁ" አልኳት። "ሂጂ።"

ተመርቃ ሄደች። እሁድ እሁድ ትደውላለች፤ ደህና ናት፣ ሥራዋንም ትወደዋለች። እኔን የሚናፍቀኝ ግን ያ ፕሮግራም እምቢ ያላት ሰሞን ነው። ሳህኗን ሳትነካ፣ ከማሽኑ ጋር እየተጣላች፣ ቀኑን ሙሉ ከዓይኔ ሳትርቅ ትውል ነበር። ያኔ ግን ቶሎ እንዲያልፍላት ነበር የምጸልየው።