የኪርያ ኤሌኒ ማዕድ

ደስበለ ስለ አቴንስ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ከሲያትል ወጣ ብሎ ሲታክ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ በቫን እየጫነ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲያመላልስ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ እሱን ግን አያወራም። የሚያወራው አሜሪካ ከመግባቱ በፊት አቴንስ ስላሳለፈው አንድ ዓመት ከምናምን ነው። ሠርግም ይሁን ልቅሶ ቤት፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈር ውስጥ ሦስት ሰው ካገኘ፣ «እኔ እንኳ ሬስቶራንት የቱሪስት ነው ብዬ ረግጬው አላውቅም። የምበላው ኪርያ ኤሌኒ ቤት ነበር» ይላል አፉን ሞልቶ። ኪርያ ማለት ወይዘሮ ማለት እንደሆነም ያስረዳል። ረጅም ጠረጴዛ፣ የምስር ሾርባ፣ ትኩስ ዳቦ፤ ማን ነህ፣ ከየት መጣህ የሚል የለም። ሰውም ደስበለ ግሪክ አገር ዘመድ ነበረው ብሎ አመነ።

ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳይባል ሾርባው ነበረ፤ ሴትየዋም ነበረች። የቀረው ቤቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ድኾችን የሚያበላበት አዳራሽ መሆኑን መናገር ብቻ ነበር፤ ይህቺን እውነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ዋጣት። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ዘንድሮ ልጁ ወጋሕታ፣ ቤልቪው ከተማ ኢንጂነር የሆነችው፣ ከእጮኛዋ ከፋኑኤል ጋር ለዕረፍት አቴንስ ልትሄድ ተነሣች።

«ባባ፣ ሶ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ የቱሪስት ቦታ ነው። አንተ የበላህበትን ሊስት አድርግልኝ።»

ጠዋት መንገድ ላይ የሚሸጠውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነገራት። የአትክልት ገበያው ሊዘጋ ሲል ሂጂ አላት፤ ያኔ የተረፈውን ይጥሉታል ሊል ብሎ፣ «ያኔ ይረክሳል» አለ። ከዚያ የፈራው መጣ።

«የኪርያ ኤሌኒስ? አድራሻውን ስጠኝ።»

ረሳሁት ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የሞኝ ብልጠት መጣለት። እስካሁን ማን ይቆያል? አዳራሹ ፈርሶ ሆቴል ሆኖ ይሆናል። ልጅቷ ሄዳ ታጣዋለች፣ «ባባ፣ የለም» ትለዋለች፣ እሱም «አይ ጊዜ!» ይላል፤ ወሬውም ማንም ሳይነካው ይቀመጣል። መንገዱን እስከ ቤት ቁጥሩ ጻፈላት። ምግቡ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚቀርብም ጨመረበት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ደወለችለት። ክቡን ዳቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በልተውታል፤ ከገበያው ወይራና አይብ ገዝተዋል። «ሬስቶራንት አልገባንም፣ እንዳንተ!» እያለች ትስቃለች። እሱም ደስ ብሎት ይስቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሲያትል ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሻንጣ ጭኖ ቫኑን ሊያስነሣ ሲል በቪዲዮ ደወለች።

«ባባ፣ ደርሰናል። ክፍት ነው።»

ደስበለ ክው አለ። ከኋላዋ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ የሐበሻ ሴቶች ይታዩታል።

«ግን እኮ እዚህ ያሉት ሰዎች…» አማርኛዋ ጠፋባት። «ባባ፣ ዲስ ኢዝ ኤ ሱፕ ኪችን።» ለድኻ ሾርባ የሚታደልበት ነው ማለቷ ነበር።

ተሳስተሽ ይሆናል ሊል አፉን ከፈተ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ሰዎቹ ወደ በሩ ገፏት።

«በግራ በኩል ያዢ» አላት ሳያስበው። «ቀኙ ልጅ ለያዘ ነው። ዳቦውን ቀድመሽ አንሺ፣ ያልቃል።»

ወጋሕታ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች።

«እዚህ ስንት ጊዜ በላህ?»

«በየቀኑ። አሥራ አራት ወር።»

ልትንቀኝ ነው፣ ፋኑኤል ፊትም ልታፍርብኝ ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሌላ ነገር አነሣች።

«ቴንዝ ግሬድ ሆኜ፣ የሥራ ሰዓትህን የቀነሱብህ ጊዜ፣ ከስኩል ለተቸገረ ተማሪ የሚሰጡትን የምግብ ከረጢት ይዤ መጣሁ። ትዝ ይልሃል?»

ትዝ አለው። እጇን ይዞ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወስዶ፣ ጓደኞቿና አስተማሪዎቿ እያዩ፣ «እኛ ቤት ልመና የለም» ብሎ አስመልሷታል። ይህንንም እንደ ጀብዱ ለሰው ያወራው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳይንቅሽ ብዬ…»

«ርቦኝ ነበር፣ ባባ» አለችው። «ያን ቀን ርቦኝ ነበር።»

ከቫኑ ውስጥ አንድ መንገደኛ ረፈደብን አለ። ደስበለ አልሰማውም። ረሃብን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ፣ ያን ቀን ልጁን በልተሻል ወይ ብሎ አልጠየቃትም።